“ነፃ” የተባልኩበት ትምህርት

ዘጠነኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ስፖርት ተምሬ አላውቅም። ካርዴ ላይ ግን በየሴሚስተሩ ሰማኒያ ይጻፍልኝ ነበር። ሙኒራ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝም እዚያው ሰፈር፣ ሞባይል ገና በሰው እጅ ባልገባበት ዘመን ነው።

ሕፃን ሳለሁ ፖሊዮ ይዞኝ ግራ እግሬ ቀጥኖ ቀረ። ስራመድ ግራ እጄን ከጉልበቴ ከፍ አድርጌ ጭኔ ላይ እጫንና እግሬን እየደገፍኩ ነው የምሄደው። እጄን ካነሳሁት ጉልበቴ ይታጠፍብኛል። ለሚያየኝ ሰው መሬት ላይ የሆነ ነገር ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ሐሳቤን የቀየርኩ እመስላለሁ። እኔ ግን ለምጄዋለሁ።

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሸምሱ ይለዋል። ቄራ አካባቢ ለሥጋ ቤቶች ቢላዋ፣ ሞረድና ገመድ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሰኝና ከዚያ በቡልጋሪያ ሰፈር በኩል ታክሲ ይዞ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ከልጆቹ መካከል ሴቷ እኔ ብቻ ነኝ። ቤት ውስጥ ከተደናቀፍኩ መሬት ሳልነካ የሚያነሳኝ አይጠፋም። እናቴ ካልሆነች ወንድሞቼ፣ እነሱ ካልሆኑ ግቢውን የምንጋራቸው ጎረቤቶች። ማንም ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ከዚያ የበለጠ መልካም ሰው የከበበው ልጅ የሚኖር አይመስለኝም።

ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነበር። የስፖርት አስተማሪዎቹ በዓመቱ መጀመሪያ ክፍል ገብተው ያዩኝና “አንቺ ነፃ ነሽ” ይሉኛል። ክፍሉ ሜዳ ሲወርድ እኔ የሕንፃው ደረጃ ላይ እቀመጥና የልጆቹን ሹራብና ሰዓት እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ሹራቡን ሲሰጠኝ ጉንጬን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሰማኒያ። እንዲያውም ሌላው ውጤቴ ከዚያ ከፍ ስለሚል ሰማኒያዋ አማካዬን ትጎትተዋለች ብዬ እበሳጭ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ስምንተኛን የጨረስኩት ሁለተኛ ወጥቼ ነው። ዘጠነኛ ላይ አንደኛ መውጣት አለብኝ ብዬ ለራሴ ምያለሁ፤ አባቴም ሱቁ ለሚመጡት ባለ ሉካንዳዎች ሁሉ ቀድሞ ተናግሯል።

በዚያ ዓመት አዲስ የስፖርት አስተማሪ ተቀጠሩልን። ቲቸር ታደለ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለእኔ ምንም አላሉኝም። እንደወትሮዬ ደረጃው ላይ ሹራብ ስጠብቅ ከሜዳው ሆነው አልፎ አልፎ ያዩኛል፤ በቃ።

አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው አልቆ ልጆቹ ሹራባቸውን ወስደው ሲሄዱ ቲቸር ታደለ መጥተው አጠገቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ልነሳ ስል “ተቀመጪ” አሉኝ።

“የአምናው ካርድሽ ላይ ስፖርት ሰማኒያ ይላል። ምን ሠርተሽ ነው?”

“ምንም ቲቸር። ነፃ ነኝ።”

“ነፃ ማለት ምን ማለት ነው?”

እግሬን አሳየኋቸው። ያላዩት መስሎኝ አይደለም፤ ሌላ መልስ ስላልነበረኝ ነው።

“እሱን አይቼዋለሁ” አሉ። “ክፍልሽ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በየቀኑ ስትወጪም ስትወርጂም አይቼሻለሁ። እኔ የጠየቅኩሽ ሰማኒያው ከየት እንደመጣ ነው።”

ዓይኔን ወደ ሜዳው መለስኩ።

“ያላየሁትን ነገር ውጤት መስጠት አልችልም” አሉ። “ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የሐኪም ወረቀት ታመጫለሽ፤ ትምህርቱ ከካርድሽ ላይ ይቀርና አማካይሽ በሌሎቹ ብቻ ይሠራል። ምንም አትጎጂም። ሁለተኛው፣ እንደማንኛውም ተማሪ ትፈተኛለሽ።”

“ምን ብዬ ነው የምፈተነው?”

“የምትችይውን። ምን እንደምትችይ አብረን እናያለን።”

“ስንት አገኛለሁ ታዲያ?”

“እኔ አላውቅም” አሉ። “አንቺ ታውቂያለሽ?”

በጣም ተናደድኩባቸው። እስከዚያን ቀን ድረስ እግሬን አይቶ ድምፁን የማያለሳልስ ትልቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ስነግራት እያለቀስኩ ነው። እናቴ “ምን በድለሽው ነው ልጄ?” እያለች አብራኝ አለቀሰች። አባቴ ከሱቅ ሲመጣ ሁለታችንንም አይኖቻችን ቀልተው አገኘን። ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ራቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገና “ነገ አብሬሽ እገባለሁ” አለ።

በነጋታው ከበሩ አልተመለሰም። ቦርሳዬን እንደያዘ እስከ ሜዳው ድረስ አብሮኝ መጣ። ቲቸር ታደለ ለጠዋቱ ክፍለ ጊዜ መረብ እያሰሩ ነበር።

“መምህር፣ እኔ ሸምሱ እባላለሁ። የሙኒራ አባት ነኝ። ትናንት ያሏትን ነግራኛለች።”

“እሺ አባት፣ እንኳን መጡ።”

“እንኳን መጡ አይበሉኝ። ወረቀቱን ዛሬውኑ ከሐኪም አወጣለሁ። ፈተና የሚባል ነገር ግን እንዳያነሱባት። ጓደኞቿ ፊት ወድቃ መሳቂያ እንድትሆን ነው የፈለጉት?”

“አይደለም። ራሷ እንድትመርጥ ብዬ ነው። ወረቀቱን ካመጡም በደስታ እቀበላለሁ።”

“ምን ትመርጣለች? ምን ትችላለች ብለው ነው?” አባቴ መዳፉን ዘርግቶ ከራሴ እስከ እግሬ አመለከተኝ። “ይመልከቷት እስቲ። አላህ እንዲህ ያደረጋትን ልጅ ሩጪ ይሏታል? ይቺ እኮ እኛ ካልያዝናት ቤት ውስጥ እንኳ…” ድምፁ ተሰበረ።

አባቴ ይወደኛል። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም። ግን ያን ዕለት መዳፉ ሲያመለክተኝ እኔም ራሴን አየሁ። ማለቴ፣ እሱ የሚያየውን ነገር አየሁ። የምትሰበር ዕቃ ነበር የሚመለከተው። የሒሳብ ጥያቄ ሰርቼ ሳሳየው ሱቅ ድረስ ወስዶ የሚያስጨበጭብልኝ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ በታች ስለ እኔ የሚያስበው ይህንን ኖሯል።

“አባዬ፣ እፈተናለሁ” አልኩ።

አባቴ ያልሰማኝ ይመስል ዞሮ አየኝ። ቲቸር ታደለ ፈገግ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉም።

“ዛሬ አትወስኚ” አሉ። “ተናደሻል። ሰኞ መጥተሽ ንገሪኝ።”

ሰኞም ቃሌን አልቀየርኩም። አባቴ ሁለቱን ቀን ብዙም ሳያናግረኝ ቆይቶ በመጨረሻ “ከተፈተንሽ እኔም እዚያው እቆማለሁ” አለ። ይኼ የእሱ ፈቃድ ነበር።

ቲቸር ታደለ የፈተናውን አሠራር ለመላው ክፍል አስረዱ። ሁሉም ሰው አሁን አንዴ ይለካል፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ይለካል። ውጤቱ የሚሠራው ከራሱ የመጀመሪያ ልክ ጋር ተነጻጽሮና የሰውነት እንቅስቃሴውን በትክክል መሥራቱ ታይቶ ነው። ፈጣኖቹ ልጆች አጉረመረሙ። “ቲቸር፣ እኔ ድሮም ፈጣን ነኝ፣ ከዚህ በላይ ወዴት ልሂድ?” ያለ ነበር። “እሱን በፈተናው ቀን እናያለን” አሉት።

የእኔ ሦስት ነገር ነበር። ሲትአፕ፣ የጎሉ አግዳሚ ብረት ላይ በእጅ ተንጠልጥሎ መቆየት፣ እና የሜዳውን ዙሪያ አንዴ በእግር መጨረስ። ሩጫ የለም። የመጀመሪያውን ልኬት ልጆቹ ሳይገቡ በጠዋት ወሰዱልኝ። ምስክሬ ጓደኛዬ ቤቲ ብቻ ነበረች። ቤቲ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ብዙ የምታወራ፣ ቶሎ የምታለቅስ። ያን ጠዋት ብረቱ ላይ ስንጠለጠል “ሙኒ፣ ክንድሽ እኮ የወንድ ነው” ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ዕድሜ ልኬን ሰውነቴን በክንዴ ስደግፍ ኖሬ፣ ክንዴ ጠንክሮ ነበር። እኔ ግን ከዚያን ቀን በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከቤቲ ጋር ቀደም ብለን እየገባን ሜዳውን መዞር ጀመርን። ሜዳ ስላችሁ ሣር እንዳታስቡ። አቧራና ጠጠር፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ቦታ ያለው ግቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ግማሹን ሳልዘልቅ መዳፌ ጭኔ ላይ እየተፋተገ ይላጥብኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እየቀለለኝ መጣ። ማታ ማታ ፍራሼ ላይ ሲትአፕ ስሠራ ታናሽ ወንድሜ እግሬን ይይዝልኛል። አባቴ ቆሞ ያያል። በመጨረሻው ሳምንት ዙሩን ከመጀመሪያው ቀን በደንብ ባነሰ ጊዜ ጨረስኩ። ቤቲ “አንደኛ የምትወጪው በስፖርት ነው” እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

የፈተናው ዋዜማ ዘነበ።

ጠዋት ትምህርት ቤት ስንደርስ ሜዳው ጠቁሮ፣ ጎድጓዳው ጥግ ቡኮ መስሎ ነበር። አባቴ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ገባና ከቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ቆመ። ሁልጊዜ ለጁምዓ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ለምን እንደለበሰው አልጠየቅኩትም።

ልጆቹ እየተጠሩ ተፈተኑ። አንዱ ሩጫ ላይ ወለም ብሎት እያነከሰ ጨረሰ። ልድገመው ሲል ቲቸር ታደለ “በዚህ ሴሚስተር መድገም የለም” አሉት። ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ። ክፍሉ ወዲያው ጸጥ አለ። ሳቅ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ያ ጸጥታ ቀብር ላይ ያለ ጸጥታ ነው።

ሲትአፑን ካሰብኩት በላይ ሠራሁ። ብረቱ ላይ ቤቲና ቲቸር ታደለ ደግፈው አወጡኝና ለቀቁኝ። ተንጠለጠልኩ። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ከታች የሆነ ልጅ “እሷ እኮ አትወርድም” ሲል ሰማሁ። ስወርድ የተወሰኑት አጨበጨቡ። ወደ አጥሩ ሳይ አባቴ እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ መሬት መሬት ያያል።

ዙሩ ቀረ። ቲቸር ታደለ ፊሽካቸውን ነፉ፤ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ጎን ደህና ነበር። ሁለተኛውም። ከሩቅ ቤቲ “በርቺ ሙኒ” ስትል ይሰማኛል። ወደ ጎድጓዳው ጥግ ስጠጋ ጭቃውን ለመሸሽ ወደ ውጭ ሰፋ አድርጌ ዞርኩ። እዚያ ጋ ግን ደረቅ የመሰለኝ መሬት ከላይ ብቻ ነበር የደረቀው። ቀኝ እግሬ ተንሸራተተ። እጄ ከጭኔ ላይ ተነሳ። በግንባሬ ተደፋሁ።

ቀና ስል ጭቃው አፌ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ያየሁት ቤቲ ስትሮጥ ነው። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች። በሌላ በኩል አባቴ አጥሩን ለቆ እየሮጠ ይመጣል። ቲቸር ታደለ ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው መሃል ገቡ።

“ቆዩ” አሉ። “አንድ ጊዜ ቆዩ።”

“ልቀቁኝ መምህር” አለ አባቴ። ድምፁን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

“አባት፣ አልያዝኩዎትም። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ብቻ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ጮክ አላሉም። “ሙኒራ፣ ሰው እንዲያነሳሽ ትፈልጊያለሽ?”

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቅኩ። ስወድቅ ሁልጊዜ ሰዎች ያነሱኛል እንጂ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ መልሱን አላውቀውም ነበር። ጭቃው ውስጥ ሆኜ አሰብኩ። አባቴ ከመምህሩ ክንድ አጠገብ ቆሞ ያለከልካል። ቤቲ እያለቀሰች ነው።

“አልፈልግም” አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው ችግሩ የገባኝ። መነሳት አልችልበትም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከመሬት ብቻዬን ተነስቼ አላውቅም። መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ለመነሳት ሞከርኩ፤ ግራ እግሬ አልያዘልኝም፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደገምኩ፤ አሁንም ወደቅኩ። ከክፍሉ ውስጥ አንዱ “ኧረ አንሷት በናታችሁ” አለ። አባቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደና ቆመ። ቲቸር ታደለ አልከለከሉትም፤ አይቻለሁ። እጃቸው ወርዶ ነበር። አባቴ ራሱ ነው የቆመው።

ከዚያ በሆዴ ተገለበጥኩ። በሁለት እጄና በቀኝ ጉልበቴ ሆንኩ። ቀኝ እግሬን ተከልኩ። ግራ እጄን ግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ከዚያ ባቴ ላይ፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ እያደረግኩ የራሴን እግር እንደ መሰላል ወጣሁበት። ጭኔ ላይ ስደርስ ተጫንኩ። ቆምኩ።

ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነበር። ቀሪውን መንገድ ቀስ ብዬ ጨረስኩ። ያኔ ማንም አላጨበጨበም። ቲቸር ታደለ ሰዓቱን አይተው መዘገቡና መሃረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። “ከመጀመሪያው ቀን ልኬትሽ ዘግይተሻል” አሉ። “የሌሎቹ ሁለቱ ጥሩ ናቸው።”

አባቴ አስፈቅዶልኝ ይዞኝ ወደ ቤት ሄደ። ካዛንቺስ ገበያ ጋ ስንደርስ “ማነው እንደዚያ መነሳት ያሳየሽ?” አለኝ።

“ማንም።”

“እምም” አለና ፊቱን ወደ ሱቆቹ አዞረ። ቤት ስንገባ እናቴ ጭቃዬን አይታ “ወይኔ ልጄ” እያለች ልትደግፈኝ ሮጠች። አባቴ ክንዷን ያዝ አደረጋት። “ጠይቂያት መጀመሪያ” አላት። “ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት።”

ውጤቱ ሃምሳ ስምንት ሆነ። ከመቶ ሃምሳ ስምንት። አንደኛ ልወጣ አስቤ አራተኛ ወጣሁ። ደስ አለኝ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ካርዱን ሽንት ቤት ይዤ ገብቼ አልቅሻለሁ። የዘጠነኛ ክፍሎች ኃላፊ የሆኑት ዩኒት ሊደራችን ወይዘሮ አሰለፈች ደግና አዛኝ ሴት ናቸው። ጠርተውኝ “ይኼማ ግፍ ነው። አባትሽ ወረቀቱን ያምጣና ስፖርቱን እንሰርዘው፤ አንደኛ ትሆኛለሽ” አሉኝ። ቲቸር ታደለም እዚያው ነበሩ። “መብቷ ነው” አሉ።

ብዙ አሰብኩ። አንደኝነቱን ፈልጌዋለሁ። ግን ካርዴ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ያቺን ሃምሳ ስምንት እንዴት እንዳገኘኋት ሰውነቴ ያውቃል። ብትሰረዝ ያ ጠዋት ያልነበረ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። “ይቆይ” አልኳቸው። ወይዘሮ አሰለፈች ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሜዳው ደረቅ ነበር፤ ሰባ ሦስት አገኘሁ። አንደኛ ግን በዚያም ሴሚስተር አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ትልልቅ ነገሮች ወዲያው አልተለወጡም። ትንንሾቹ ተለወጡ። ቦርሳዬን ራሴ መያዝ ጀመርኩ። ብቻዬን ታክሲ ተሳፍሬ አባቴ ሱቅ ሄድኩ፤ ሲያየኝ ደነገጠና ደግሞ ሳቀ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ከአዲስ አበባ ውጭ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ “ትሄዳለች ወይ?” ብሎ የተከራከረ አልነበረም። “ትሄጃለሽ ወይ?” ተብዬ ተጠየቅኩ። ሄድኩ። ዛሬ ደምበል አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ለእግሬ ብረት አሠርቼ በከዘራ እሄዳለሁ።

ቲቸር ታደለን ለባቡሩ መስመር መንገዱ ሁሉ በተቆፈረበት ሰሞን ቡልጋሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሸብተዋል። እሳቸው ናቸው ቀድመው ያወቁኝ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ብዙ አወራን። ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

“ቲቸር፣ ያን ቀን መነሳት ባልችልስ ኖሮ?”

“እኔም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በጣም ፈርቼ ነበር። አባትሽን እንዳይደርስ ያደረግኩት ልክ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ልጅ ነበርሽ፤ ልትሰበሪብኝ ትችዪ ነበር።” ከዚያ “ጠልተሽኝ ነበር?” አሉኝ።

“ካርድ የተሰጠን ሰሞን” አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ይህን ለምታነቡ መምህራን አንድ ነገር ልበል። እንደኔ ዓይነቱን ልጅ ሁሉ ሜዳ ላይ አውጡት ማለቴ አይደለም። የሐኪም ወረቀት የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ እኔም ወረቀቱን ብመርጥ ኖሮ ጥፋት አልነበረም። ቲቸር ታደለም ፍጹም አልነበሩም። ያ መድገም የለም የሚል ሕጋቸው ዛሬም ይከነክነኛል። ነገር ግን ከሌሎቹ የሚለዩት ጨካኝ ስለነበሩ አይደለም። ሌሎቹ አዝነውልኝ ወሰኑልኝ፤ እሳቸውም ሳያዝኑልኝ አልቀረም፣ ግን ጠየቁኝ። ሰማኒያዋን የሰጡኝን መምህራን አልወቅሳቸውም፤ ከልባቸው ነበር። ብቻ አንዳቸውም ምን እንደምችል አያውቁም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ለወላጆች ደግሞ የምለው የለኝም። ከባድ መሆኑን ስለማውቅ ነው። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁና ላብቃ።

ካቻምና አባቴን ስትሮክ መታው። አላህ ይመስገን ተረፈ፤ አንድ ጎኑ ግን ደከመ። አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ሳለን ከአልጋው ወርዶ ወደ መስኮቱ ሊሄድ ሲል ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዘራዬን ጥዬ ልደርስለት ስል ጤነኛውን እጁን አነሳብኝ። አፉ ገና በደንብ አይናገርም ነበር፤ ግን ገባኝ። አልጠየቅኩትም ነበር።

“ላንሳህ አባዬ?” አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። አልፈልግም ማለቱ ነው።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አባቴ የአልጋውን እግር ያዘ፤ ተንሸራተተ፤ እንደገና ያዘ። እጄ ወደ እሱ እየሄደ አስቸገረኝ፤ ሁለቱንም ከኋላዬ አቆላልፌ ያዝኳቸው። እኔ ያን ጠዋት ጭቃው ውስጥ ሆኜ ከባዱን ነገር የሠራሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው።

አባቴ አልጋው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ላብ በላብ ሆኖ አየኝና በተጣመመ አፉ ፈገግ አለ። እኔ ግን አለቀስኩ።